የእቴቴ ብሪጅ ሃያ አራተኛ ዓመት

ሰኞ 3

ይህን ደብተር ያመጣሁት የምድጃውን ሙቀት ልመዘግብበት ነበር። ከፊት ያሉት አራት ገጾች ቁጥር ብቻ ናቸው። ከዚህ ወዲያ ያለው የራሴ ነው። ምድር ቤት ወርዶ የጥርስ ቴክኒሻን ደብተር የሚያነብ ሰው የለም።

ዛሬ ዶክተር ሁላችንንም ሰበሰበችን። ሁላችንም ማለት እኔ፣ ነርሷና ካርድ ክፍል ያለችው ራዲዮ ነን። ራዲዮ ያልናት ጠዋት የሰማችውን እስከ ምሳ ሰዓት ለሰፈሩ ስለምታዳርስ ነው፤ ስሙን ራሷም ወዳዋለች። ክሊኒኩ ከተከፈተ ጀምሮ የገቡት ጥርስ ላይ የሚጠለቁ ክራውኖችና የተነቀለ ጥርስ የሚተኩ ብሪጆች ስንት ዓመት እንደቆዩ ሊመዘገብ ነው። የድሮ ታካሚዎች እየተጠሩ ይታያሉ፣ ራጅ ይነሳሉ፣ ትልቁ ሰማያዊ መዝገብ ላይ ይሰፍራሉ። በ28 ዶክተር ለሐኪሞች ጉባኤ ታቀርበዋለች።

"ታካሚ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው" አለች። "'ዶክተር፣ ስንት ዓመት ይቆያል?' ይለኛል። እኔም ዐሥር፣ ቢበዛ ዐሥራ አምስት እላለሁ። የምለው ግን ከመጽሐፍ ነው። አሁን የራሳችንን እንቁጠር።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "ቁጥር አንድ የእጀ ወርቅ እህት ናት። ሃያ አራት ዓመት! እስቲ ከዚህ የሚበልጥ ይምጣ።"

እጀ ወርቅ የምትለው እኔን ነው። ሁሉም ሲያዩኝ ፈገግ አልኩ። ጥርስ ባዳ ነው።


ሐሙስ 6

ሥራ በዝቷል። ስድስት ክራውን፣ ሁለት ብሪጅ። ጀሶው ቶሎ አልደርቅ አለ፤ ዝናቡ ነው። እህቴ እቴቴ ጋ አልደወልኩም። ነገ።


እሑድ 9

እቴቴ ጋ ዋልኩ። እናታችን ስትሞት እኔ ሰባት ዓመቴ ነበር፣ እሷ ዐሥራ ዘጠኝ። ስለዚህ እህት ስል እናትም ማለቴ ነው።

ዳቦውን ሻይ ውስጥ እየነከረች ነበር የምትበላው። ምነው ብላት "ጥርስ የሌለው ሰው አይተህ አታውቅም?" ብላ ሳቀች። ስትስቅ እጇን ግራ ጉንጯ ላይ አደረገች። ልጇ ከጓዳ ሆና "ጋሼ፣ የራስ ምታት ኪኒን በየቀኑ ነው የምትውጠው፤ እስቲ ተቆጣት" አለችኝ።

"ዕድሜ ነው" አለች እቴቴ። "አንቺ ደግሞ ነገር አታብዢ።"

ዕድሜ ሊሆን ይችላል። ስኳርም አለባት፤ ስኳር ያለበት ሰው ድዱ አንዳንዴ ያብጣል። ስንለያይ አቅፋ ስትስመኝ አንድ ሽታ ሸተተኝ። ሻዩ ይሆናል።


ማክሰኞ 11

ራዲዮ ወረደች። "የእህትህን ስልክ ስጠኝ፣ ቁጥር አንድ እኮ ገና አልመጣችም።"

"ከከተማ ወጥታለች" አልኩ። "ዝናቡ ሲያባራ ነው የምትመለሰው።"

ቤቷ ከዚህ ሦስት ፌርማታ ነው። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አላውቅም። አፌ ቀድሞኝ ነው።

ከሰዓት ቅጹን ራሴ ሞላሁት። ቅሬታ፦ የለም። መላላት፦ የለም። ራጅ፦ ከአምስት ዓመት በፊት የተነሳው ተያይዟል። ዶክተር ሳታነብ ፈረመችበት። "ያንተን ሥራ ምን አነባለሁ?" ነው ያለችኝ።


ዓርብ 14

ዛሬ የመጡት፦ የዐሥራ ሰባት ዓመት ክራውን፣ ደህና። የዘጠኝ ዓመት ብሪጅ፣ ፖርሴሊኑ ጫፉ ላይ ተሸርፏል። የዐሥራ አንድ ዓመት ክራውን፣ እላዩ ሲታይ መስታወት የመሰለ ነው፣ ራጁ ላይ ሥሩ ጥቁር። ዶክተር ራጁን ወደ መብራቱ አንስታ አሳየችን።

"ይኸው" አለች። "ሰው የሚፈራው ክራውኑ እንዳይሰበር ነው። ክራውኑማ ምን ይሆናል? የሚሞተው ከሥሩ ያለው ነው፣ ድምፅ ሳያሰማ። ሳይቃጠል በቅጠል የምለው ለዚህ ነው።"

ለታካሚው ነው የተናገረችው። ወደ እኔ አላየችም። ምሳ አልበላሁም።


እሑድ 16

ላብራቶሪ ብቻዬን ነኝ። ሥራ አለኝ ብዬ ነው ከቤት የወጣሁት። ሥራ የለኝም። ዝናቡ በመንገዱ በኩል ባለችው ትንሽ መስኮት ይታየኛል፤ የሚያልፈው ሰው ጫማው ብቻ ነው የሚታየው።

ልጻፈው።

ከስምንት ወር በፊት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ እቴቴ ብሪጁን በመሐረብ ጠቅልላ ይዛልኝ ቤቴ መጣች። ዳቦ ስትገምጥ ነው የወለቀው። "ሞት ይርሳኝ፣ ሰበርኩብህ" አለችኝ፤ እሷ ናት ይቅርታ የጠየቀችው። ያ ብሪጅ ከትምህርት ቤት ወጥቼ በእጄ የሠራሁት የመጀመሪያው ነው። ታች በግራ በኩል፣ ሁለት ምሰሶ ጥርስ ከፊትና ከኋላ፣ መሐሉ ላይ በተነቀለው ቦታ አንድ ሰው ሠራሽ፣ ሦስቱም አንድ ላይ የተያያዙ። አፏን ከፍታ የተነሳችው ፎቶ ዛሬም ድረስ ተራ መጠበቂያው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ታካሚ በፈራ ቁጥር ዶክተር ወደዚያ ትጠቁማለች።

ብሪጁን ተቀበልኩና አየሁት። አልተሰበረም፤ አንድ ጭረት እንኳ የለውም። ደስ አለኝ፤ እህቴ ፊቴ ቆማ ብሪጁን አይቼ ደስ አለኝ። ከዚያ "አፍሽን ክፈቺ" አልኳት፣ እዚያው ማእድ ቤት፣ በመስኮቱ ብርሃን። የኋላኛው ምሰሶ ላይ ጥቁር ነበር። በጥርስ መፋቂያ ነካ ሳደርገው እንደ ራሰ ካርቶን ገባ። ሽታም ነበረው።

አየሁት። አላየሁም ማለት አልችልም።

ቴክኒሻን በጀሶ የተቀዳ ጥርስ ላይ ነው የሚሠራው እንጂ አፍ ውስጥ እጁን አይከትም። ከተያዘ ክሊኒኩ ይታሸጋል። ይህን አሳምሬ አውቃለሁ። ግን ሰኞ ለዶክተር ወስጄ "ቁጥር አንድ ወለቀ" ማለት አቃተኝ። ያን ሰሞን ለአንድ ታካሚ "የእህቴ ሃያ ሦስት ዓመት አልፎታል" ብዬ ደረቴን ነፍቼ ነበር። ዓርብ ማታ የቀረችውን ግማሽ ጠርሙስ የጥርስ ማጣበቂያ ሲሚንቶ ከላብራቶሪ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ነበር፤ ለምን እንደያዝኳት አላስታውስም። ጠራርጌ፣ በጥጥ አድርቄ፣ ቀላቅዬ ለጠፍኩት። "ንከሺ" አልኳት። ነከሰች። ዐሥር ደቂቃ ጥርሷን ገጥማ እጄን ይዛ ተቀመጠች።

"አሁን እንደ ድሮው ሆነ?" አለችኝ።

"ከድሮውም ይበልጣል" አልኳት።

ለጊዜው ብዬ ነበር። እስከሚቀጥለው ወር።


ረቡዕ 19

ከመድኃኒት ቤት የመግል መድኃኒት ገዝቼ ሰጠኋት። ሐኪም አዞት ነው ብዬ። "ዶክተር ናት?" አለች። "አዎ።" "ታዲያ ለምን አላየችኝም?" "ሥራ በዝቶባት ነው፤ ከ28 በኋላ ታይሻለች።"

እህቴ የምላትን ታምናለች። ይኼ ነው አንጀቴን የሚበላው።

ከ28 በኋላ ሁሉንም እናገራለሁ። ዶክተር ጽሑፏን ታቅርብ፣ ጭብጨባዋን ትውሰድ፣ ከዚያ እቴቴን በእጄ ይዤ እመጣለሁ። ዘጠኝ ቀን ነው የቀረው። ስምንት ወር የቆየ ዘጠኝ ቀን ያቅተዋል?


ቅዳሜ 22

ላወልቀው ሄድኩ።

መድኃኒቱ ትንሽ አስታግሶላት ነበር፤ እብጠቱ ግን ቀጥሏል። በራሴ ላወልቀው፣ ቦታው ይተንፍስ፣ መግሉ ይውጣ አልኩ። ማውለቂያውን በጋዜጣ ጠቅልዬ ወሰድኩ፤ ጫፉ ቆልማማ፣ ዘንጉ ላይ ወደ ኋላ እየተመለሰ የሚመታ ብረት ያለው ነው። ልጇን ገበያ ላክናት።

መታሁ። አልነቃነቅም አለ። ደግሜ መታሁ። እቴቴ እጅጌዬን ጨምድዳ ያዘች፣ እንባዋ በጆሮዋ በኩል ወረደ። ሦስተኛውን ስመታ "እኔን!" አለች። የተጎዳችው እሷ፣ እኔን የምትለው ለእኔ። ፊቴን አይታ መሰለኝ።

የያዘው የኔው ሲሚንቶ ነው። በሕይወቴ እንደዚህ አጥብቆ የያዘልኝ ነገር የለም። ከላይ ጥርስ የመሰለ ውብ ነገር፣ ከታች የበሰበሰ፣ መሐላቸው ላይ እኔ።

"ተወው በቃ" አለችኝ። "ውሃ ጠጣ።"

ውሃ ጠጥቼ መጣሁ። ማክሰኞ እናገራለሁ።


ማክሰኞ 25

አልተናገርኩም። ዶክተር ሻንጣዋን እያዘጋጀች ነበር። የቁጥር አንድን ፎቶ ከግድግዳው አውርዳ ለጉባኤው በትልቁ አሠርታዋለች። "ስታየው አትኮራም?" አለችኝ። በደረጃው ላይ ሦስቴ ወጣሁ ወረድኩ። ራዲዮ "ምነው፣ ሆድህን አሞሃል እንዴ?" አለች።

በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ይባላል። የሰውን በሽታ ለሸሸገስ ምን ተብሏል?


ሐሙስ 27

የእህቴ ልጅ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ደወለች። "ጋሼ ቶሎ ና። እማዬ ምራቋን መዋጥ አቃታት። አንገቷ ከአገጯ ጋር አንድ ሆኗል።"

ስደርስ አላወቅኋትም። ምላሷ ወደ ላይ ተገፍቶ። ትንፋሿ እንደ ፉጨት። ትኩሳት። ሆስፒታል። ሩጫ። ራጅ። አንድ ወጣት ቀዶ ሐኪም ጣቱን አንገቷ ላይ ጫን አድርጎ ነርሷን "የኦፕራሲዮን ክፍሉን አዘጋጂ፣ አሁኑኑ" አለ።

"የጥርስ መግል ነው ወደ አንገት የወረደው" አለኝ። "ስኳሯም ሰማይ ነክቷል። ስንት ቀን ሆናት?"

"አላውቅም" አልኩት።

ልጇ ቀና ብላ አየችኝ።


ዓርብ 28

ኮሪደር ላይ። ፕላስቲክ ወንበር። ትናንት ከአገጯ ሥር ሁለት ቦታ ቀደው መግሉን አወጡ። ሁለቱን ጥርስ ከነብሪጁ ነቀሉ። አንገቷ ላይ መተንፈሻ ቱቦ ገባ። ገና አልነቃችም። "ይህች ሌሊት ካለፈች" ብሎን ነበር ሐኪሙ። አለፈች። አሁን ደግሞ "ዛሬ ከዋለች" ይላል።

በዚህ መሐል ስልኬ ጮኸ። ዶክተር ናት።

"እጀ ወርቅ! አዳራሹ ተነስቶ አጨበጨበ እኮ! ቁጥር አንድን ሳሳያቸው አንዱ ሽማግሌ ሐኪም 'ይህን የሠራ ሰው ማን ነው?' አለኝ። ስምህን ጠራሁት። ትሰማኛለህ?"

"እሰማለሁ።"

"ምነው ድምፅህ?"

"እንኳን ደስ ያለዎት" አልኳት። ከመስታወቱ በስተጀርባ የእቴቴ እግር ከአንሶላው ወጥቶ ይታየኛል። ካልሲ የለውም። ስልኩን ዘጋሁና ገብቼ አለበስኳት።

አምላኬ፣ እሷን ብቻ አትርፍልኝ። ስሜንም እጄንም ውሰደው።


እሑድ 30

ነቃች! ዐይኗን ገለጠች። መናገር አትችልም፤ ቱቦው አለ። እጄን ጨበጥ አደረገች። የእህቴ ልጅ አጠገቧ ናት፤ እኔን አታናግረኝም።


ማክሰኞ 2

ቀዶ ሐኪሙ ሊያያት ሲገባ እኔ ከመጋረጃው ውጭ ነበርኩ። "እማማ" አላት፣ "ይህ ብሪጅ ወልቆ ነበር አይደል? ማን ነው መልሶ የለጠፈው? ይጻፉልኝ።"

ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ሲፋጭ ይሰማኛል። ረጅም ጊዜ ወሰደባት። ይኸው መጣ፣ ደግሞም ይምጣ አልኩ።

ሐኪሙ ጮክ ብሎ አነበበው፦ "ራሴ ነኝ። በጫማ ማስቲሽ።"

ከዚያ ሳቅም ቁጣም በሆነ ድምፅ "በማስቲሽ? እማማ፣ ለአንድ ጥርስ ብለው ሕይወትዎን ሊያጡ ነበር እኮ" አላት። ነርሷም ሳቀች።

እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቁጭ አልኩ። ወረቀቱን ቆይቼ አየሁት። ፊደሎቿ ተንጋደዋል፣ "ራሴ" የሚለውን ሁለቴ ጽፋዋለች፤ የመጀመሪያው ስላልተነበበ።


ዓርብ 5

ዶክተር ከጉዞ ተመልሳ እቴቴን ጠየቀቻት። ወጥታ ትከሻዬን ያዝ አደረገች። "ጥፋቱ ያንተ አይደለም" አለች። "ሰው በገዛ እጁ እንዲህ ካደረገ ምን ይደረጋል? ቁጥር አንድን 'ታካሚዋ ራሷ የነካካችው' ብለን ከቆጠራው እናወጣዋለን።"

ዝምታዬን ሐዘን አደረገችው፤ እኔም ሐዘን አስመሰልኩት። ደረጃውን ስወርድ ለሦስት እርምጃ ያህል ቀለል አለኝ። ያቺ ቅለት እስካሁን ታስጠላኛለች።


ሰኞ 8

ወደ ሥራ ተመለስኩ። ጠረጴዛዬ ላይ ትንሽ ላስቲክ ከረጢት ተቀምጣለች። ውስጧ ብሪጁ። አጠገቡ ሰማያዊው መዝገብ፣ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ተከፍቶ።

"ዶክተር ናት ያስቀመጠችው" አለች ራዲዮ። "ከሆስፒታል ተቀብላው ነው። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ስትመጣ በአጉሊ መነጽር ውስጡን ስታየው ቆየች፣ ከዚያ የሲሚንቶውን መደርደሪያ ከፍታ ጠርሙሶቹን ስትቆጥር ነበር። ምን እንደጠፋ እንጃ።"

ሲሚንቶ ጊዜው እያለፈ ይጣላል፤ ሊቆጠር ይችላል፣ ለሌላ ጉዳይ።

ብሪጁን አውጥቼ አጠብኩት። ሃያ አራት ዓመት። ፖርሴሊኑ ያበራል። ጠርዙ ላይ በወጣትነቴ የፋቅሁት መስመር አሁንም እንደ ፀጉር ቀጭን ነው። ውስጡን ገልብጬ አየሁ፤ ግራጫው ሲሚንቶ፣ ሲሚንቶው ላይ ደግሞ ቡናማ የጥርስ ስብርባሪ እንደተለጠፈ አለ። የእህቴ ጥርስ ነው። ማስቲሽ የሚመስል ነገር የለም። ይህን ልጅ እንኳ ያውቀዋል።

እስክሪብቶ አንስቼ 'ታካሚዋ ራሷ የነካካችው' የሚለውን የዶክተርን ጽሑፍ ሰረዝኩትና ከሥሩ ጻፍኩ፦

"ቁጥር አንድ። ሦስት ጥርስ፣ ታች ግራ። የቆየው፦ 23 ዓመት ከ4 ወር። ያን ጊዜ ወልቋል። መልሶ የለጠፈው ቴክኒሻኑ ነው፣ በቤት ውስጥ፣ ያለ ራጅ፣ ምሰሶው መበስበሱን እያየ። ታካሚዋ ምንም አልነካችም። ሁለቱም ምሰሶ ጥርሶች ተነቅለዋል። ብሪጁ ደህና ነው።"

ፈርሜ ወደ ላይ ወሰድኩት። ዶክተር ቆማ አነበበችው። መነጽሯን አወለቀች።

"ለዚያ ሁሉ ሰው አሳየሁት እኮ" አለች። ከዚያ "የላብራቶሪውን ቁልፍ ካርድ ክፍል አስቀምጠው" አለችኝ። አስቀመጥኩት። ራዲዮ ቁልፉን ስትቀበለኝ ምንም አልጠየቀችም፤ እሷ ዝም ስትል የመጀመሪያዋ ነው።


ቅዳሜ 13

ቱቦው ከወጣላት ሦስት ቀን ሆነ። ድምፅዋ ሻካራ ነው፣ ግን አለ። ልጇ ሾርባ ልታመጣ ስትወጣ ሁለታችን ብቻ ቀረን። ለዶክተር የጻፍኩትን ነገርኳት።

አመሰግናለሁ ትለኛለች ብዬ አልጠበቅሁም፤ እንደዚያ ትቆጣለች ብዬም አልጠበቅሁም።

"ማን ተናገር አለህ?" አለችኝ። "እጄን ማንሳት ሲያቅተኝ፣ አንገቴ ተቀዶ፣ ያቺን ወረቀት እንዴት እንደጻፍኳት ታውቃለህ? ላንተ ብዬ የዋሸሁትን መለስክብኝ። እንጀራህ ነበር እኮ!"

"እቴቴ፣ ልትሞቺብኝ ነበር።"

"አልሞትኩማ!" ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ፋሻው ከጆሮዋ እስከ ጆሮዋ ይታያል። ከውጭ የሰው ጫማ ይንቋቋል። ጀርባዋን አየሁ፤ ያ ጀርባ ነው ልጅ እያለሁ ስታመም ሐኪም ቤት ያደረሰኝ።

ቆይታ ተመለሰች። ምላሷ በግራ ጉንጯ ውስጥ ባዶውን ቦታ ሲፈልግ ከውጭ ይታያል።

"በል እሺ" አለች። "ድዱ ሲድን ሌላ ትሠራልኛለህ። እንደ መጀመሪያው አድርገህ።"

አዎ ልላት አፌን ከፈትኩ። ዕድሜዬን ሁሉ ለእሷ አዎ ብያለሁ፤ አዎ ማለት ነው የለመድኩት።

"አይቻልም" አልኳት። "ብሪጅ የሚቆመው በምሰሶ ነው። ሁለቱም የሉም። የሚቆምበት የለም፣ እቴቴ።"

አየችኝ። ቁጣዋ ጠፍቶ ነበር፤ ቢኖር ይሻለኝ ነበር።

"ያኔም እንዲህ ብትለኝ" አለች ቀስ ብላ፣ "ምን ነበረበት?"